የመቶ አሥራ ሁለት ቤት ዕረፍት

ሩዊ ነው፣ ሙስካት፣ ከልብስ ሰፊው በላይ፣
ኤሲው ያንጠባጥባል ከሥሩ ባልዲ ላይ።
በነሐሴ ወበቅ ወረቀቱ ጥግ ጥጉን ይነሳል፤
የባሕር ጠጠር ስጭንበት ትንሽ ይመለሳል።

ሥራዬ ግልባጭ ነው፦ ከትልቁ ኖታ፣
ከሠላሳው መስመር የአንዱን ሰው ቦታ
ነጥሎ ማውጣት፤ ለቫዮላው ሩጫውን፣
ለትሮምቦኑ ደግሞ ዝምታውን።

አለቃዬ አርፒኔ፣ የቤሩት አርመን፣
ምላሷ ቢላዋ፣ መዳፏ ሚዛን፣
በመጀመሪያው ቀን ያለችኝ ይህን ነው፦
"ኖታ የሚጻፈው ለደከመ ዓይን ነው።
ከሚስቱ ተጣልቶ ለመጣ፣
መነጽሩን ታክሲ ውስጥ ለጣለ፣ እንቅልፍ ላጣ።
ገጽ የሚገለጠው እጅ ሲያርፍ ብቻ ነው፤
ዕረፍት ካላገኘሽ ግማሹን ባዶ ተይው።
ወረቀት ርካሽ ነው። የሰው እጅ ሁለት ነው።"

እጅ ሁለት መሆኑን አሳምሬ አውቃለሁ፤
ሲብ ውስጥ ሦስት ፎቅ ቤት ሦስት ዓመት ጠርጌያለሁ፣
በአንዱ ሕፃን ታቅፌ፣ በአንዱ ይዤ ካውያ፤
ገጹን ማን ይግለጠው? አልነበረም መቆሚያ።

ከዚያ በፊት ግን (ማንም ሳይጠይቀኝ)
ደሴ፣ በማርሽ ባንድ፣ ክላርኔት ነፊ ነበርኩኝ።
ክላርኔት ጉደኛ ነው፦ ዶ ተብሎ ይጻፍለታል፣
ሲነፋ ሲ ቤሞል ነው፣ አንድ ድምፅ ዝቅ ይላል።
ገልባጩ ይህን ያውቃል፤
ልክ እንዲሰማ ብሎ ከፍ አድርጎ ይጽፋል።
እኔም ለወንድሜ "ደህና ነኝ" ስለው
አንድ ድምፅ ከፍ አድርጌ ነው፤
እዚያ ሲደርስ ልክ ይመጣል።

ሐምዳን ትሮምቦን ይነፋል። የሱር ልጅ፣ የጀልባ ሠሪ ዘር፣
አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ፣ በጭኑ ላይ በጣቱ የሚቆጥር።
በአዲሱ ሥራ ሦስተኛው ክፍል ላይ ዝም በል ተብሏል፣
መቶ አሥራ ሁለት ቤት፤ ከዚያ በድንገት፣ ብቻውን፣ ይገባል።
ሲጻፍ አንድ ወፍራም መስመር ነው፣ ከላዩ ቁጥር፤
ያ ሁሉ ዝምታ በአንድ ጣት ስፋት ሲታጠር።

ሰው ግን በቁጥር ብቻ አይጠብቅም።
ሰባ ላይ የአባቱ ሳል ትዝ ይለዋል፣
ሰማንያ ላይ የመኪናው ዕዳ፤
ከዚያ፦ ሰማንያ አራት ነበር ወይስ ዘጠና?
ስለዚህ መስመሩን ቆረጥኩት። ሰባኛው ላይ "በገና ጀመረ" አልኩ፣
መጨረሻዎቹ አራት ቤቶች ላይ የኦቦውን ዜማ ጻፍኩ፣
በትንንሽ ኖታ፣ ሰሊጥ በሚያህል፦
ለመንፋት አይደለም፣ ለመስማት፣ "ቀጥሎ አንተ ነህ" ለማለት ያህል።

ሐሙስ ማታ ከመድረኩ ኋላ፣ ከባዶ የመሣሪያ ሣጥኖች መሐል ቆሜ
ቤት ስቆጥር ሰባ ላይ ጠፋብኝ እኔው ራሴ። ጉድ ነው መቼም፣ ደክሜ።
ኦቦው መጣ። ሐምዳን ትንፋሹን ሳበ፣
ገባ።
መሪው ካስነሱት ሁሉ አስቀድሞ እርሱን አስነሳ፣ አዳራሹ አጨበጨበ።

ማግስቱን ኖታው ተሰበሰበ። ወደ ኩዌት ይሄዳል፣
ሕጉም እንዲህ ይላል፦ ከእርሳስ ንጹሕ ሆኖ ይሄዳል።
ከረምዚ ቫዮላ ላይ አንድ ስልክ ቁጥር፣ ሁለት "ቀስ!"፣
የመሪውን ፀጉር የደፋች አህያ፤ ሁሉንም በላጲስ።
የሐምዳንን ገለጥኩ። ከሰሊጦቹ ጎን
በዓረብኛ፣ ጫን ተደርጎ፦ "ሹክረን"።
ለማን እንደሆነ አይልም። ስሜን አያውቅም።
ትንሽ ያዝኩት። አርፒኔ ከበሩ ሆና አየችኝ፣ ምንም አላለችም።
ላጲሱን አነሳሁ።

ወረቀቱን መብራት ላይ አጋድሜ ባየው
ቀለሙ የለም፤ ጎድጓዱ ግን እዚያው ነው።
ኩዌት ውስጥ አንድ ሰው ሲቆጥር፣ ጣቱ
ምናልባት አንዳች ነገር ይነካዋል። ቤቱ
ሰባ ላይ ከጠፋበት።