ነጥብ ስድስት

ስድስት ሰዓት ጎደለኝ፣ በነሱ ስሌት ነጥብ ስድስት፤
የፈቃዴ ዕድሜ ሊያልቅ የቀረው ሳምንት ሦስት።
ሙያ በልብ ነው ይላል ያገሬ ሰው፤ እዚህ ግን ሙያ በፋይል፣
በማኅተም፣ በፊርማ፣ በሰዓት ካልተቆጠረ ማን ያምናል?

በየካቲት ብርድ ብሩክስ ገባሁ፣ ከከርሊንጉ ሜዳ ፎቅ፣
ከወለሉ ሥር፣ በረዶው ላይ፣ ድንጋይ ከድንጋይ ሲላተም — ጠቅ።
ከታች ጡረተኞች ይጫወታሉ፤ ከላይ እኛ፣ ሃያ አንድ ነፍስ፣
ከዳቸስ፣ ከቲሊ፣ ከሮዝመሪ፤ ጓንታችን እስኪደርቅ ድረስ
ማሞቂያው ላይ ደርድረን። ግማሻችን የሚጠጣውን የሚያጠራ፣ ግማሻችን የተጠጣውን የሚቀበል፤
በሁለታችን መሀል ከተማ ይታጠባል፣ ይጠጣል፣ ይተኛል፣ ስማችንን ሳይል።

እኔ ከታችኞቹ ነኝ። የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም ይላል ተረቱ፤
ተረቱን ያወጣው ሰው አላየም የባሳኖን ገንዳ በሌሊቱ።
ልጆቼ የሚበሉት፣ ባንክ የሚጠብቀው የቤቱ ክፍያ፣
የፈሰሰውን በማፈስ ነው፤ ያ ነው የኔ ገበያ።

የስም ወረቀቱ ዞሮ ደረሰኝ፤ ፈረምኩ፦ ማስረሻ፤
(ከኔ በፊት ለሞተው ልጅ ነበርኩ፣ ለእናቴ፣ የሐዘን መርሻ።)
ማስረሻ የሚባል ሰው እንዳይረሳ ሊማር ቁጭ አለ፤
ይህን ሰምቶ የሚስቅ ከኔ በቀር ማን አለ?

እስከ ምሳ ክሎሪን ቀመርን፤ በሊትር ስንት ሚሊግራም፣ በቀን ስንት ኪሎ፤
ሃያ ዓመት በእጄ የማውቀው፣ በእርሳስ ሲሆን አመለጠኝ ተንከባሎ።
ካልኩሌተሬ ባትሪ ጨረሰ፤ የዳቸሱ ግሌን የሱን አዋሰኝ፤
“ልክ ነው?” ብዬ ሳሳየው፣ “ለሰው ነው ለመዋኛ?” ብሎ ቀለደብኝ።

ከምሳ በኋላ ኦርቪል ተነሣ፤ ጡረታ ከወጣ የቆየ፣
ጣቱ አንድ የጎደለ፣ ብዙ ጉድጓድ ወርዶ ያየ።
ስላይዱን አጠፋው። “ጋዙ የገማ እንቁላል ይሸታል፤ ሲሸታችሁ ደስ ይበላችሁ፤
ሽታው ጠፋ ስትሉ ነው፣ ያን ጊዜ ነው መሮጣችሁ።
ጋዙ አልሄደም። የሄደው አፍንጫችሁ ነው፤ ከሰው አካል
ቀድሞ የሚሞተው እሱ፤ ባለቤቱ ‘ደህና ነኝ’ እያለ ይከተላል።”

አንድ ስም ጠራ፣ ዴል የሚባል። ሌላ ቃል አልጨመረም።
ከታች ድንጋይ ተላተመ። ማንም አልተናገረም።
ከቀበቶው ፈታ ያችን ቢጫ መሣሪያ፣ በአውራ ጣቱ ተጫናት፤
ጮኸች። ሃያ አንድ እጅ ሃያ አንድ ወገብ ዳሰሰ በቅጽበት።

የኔም እጅ።

ታኅሣሥ፣ የምሥራቁ ፓምፕ ጣቢያ፣ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት፣
ይቺው ጮኻብኝ ነበር። ባትሪዋ ነው ብዬ ዝም አሰኘኋት።
ምንም አይሸትም ነበር። መሰላሉ ላይ አንድ እግሬ፣
ነፋሱ የመኪናዬን በር በረገደው፤ ልዘጋው ወጣሁ ዞሬ።
ከዚያ ብርዱ አስጠላኝ፣ ነገ ይሁን ብዬ ሄድኩ። ይኸው ነው። ሌላ የለም፤
ለሚስቴም፣ ለአለቃዬም፣ ለማንም አልነገርኩም።
ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው ይሉናል፤ ይህኛው ግን
ሳቅም የለው፤ አፍንጫን አስተኝቶ ነው የሚወስደን።

አሥር ተኩል ላይ ቅጽ ታደለን፣ ከግርጌው አንዲት መስመር፦
“ዛሬ ምን ተማሩ?” ትላለች። ሰው በአንድ መስመር ምን ሊናገር!
“መሣሪያን በየወሩ መፈተሽ” ብዬ ሞላሁ በእንግሊዝኛ፤
ነጥብ ስድስቴን ተቀበልኩ፤ ማኅተም አላት፣ ፊርማ አላት፤ ከዚህ በላይ ምን ይሻል ዳኛ?

ወደ ባሳኖ ስነዳ ግን፣ በረዶ መንገዱን እንደ እባብ ሲያቋርጥ፣
ያችን መስመር በቋንቋዬ ሞላኋት፣ ለብቻዬ፣ ጮክ ብዬ፤
ሳትጠብቅ ሳትላላ ሁለት ፊት ባላት ቃል፦
ተማርኩ።
ያላወቀ ይማራል። ያጠፋም ይማራል።

ጣቢያው ደርሼ፣ ካፖርቴን ሳላወልቅ፣ መዝገቡን ገለጥኩ፤
የቢጫዋ መሣሪያ ባትሪ፦ ኅዳር ሃያ ስምንት፣
ተቀይሯል፤
በራሴ የእጅ ጽሑፍ።