የውሃ ሽታ

ሰው ሲጠፋ እንዲህ ይባላል፦ የውሃ ሽታ ሆነ።
እኛ ግን ቅዳሜ ጠዋት፣ ፀሐይ ሳትከር ገና፣
ከዚራ፣ ኒሙ ጥላ ሥር ተሰብስበን
የምንፈልገው እሱኑ ነው፤ ሽታውን።

አምስት ነን። ደመወዝ የለን፣ ባጅ የለን፣ አለቃ የለን።
ረምላ ካርታ ያዥ፣ ሂርሲ ሜትር ጎታች፣
ኢፍቱ የሰፈር ስም ጠያቂ፣ ኬይረዲን ቆፋሪ፣
እኔ ከኋላ፣ ሞባይሌ ላይ አቀርቅሬ
ነጥብ ጣይ።

ከሰው በፊት ባቡር የጠጣባት ከተማ ናት አሉ።
የዚያን ጊዜውን ቧንቧ ፕላን ቢሮ ብንጠይቅ፣
ግማሹን ምስጥ በልቶት፣ ግማሹን ደቻቱ
ሌሊት ገብቶ ወስዶት፣ በዚያ በጎርፉ ዓመት።
የተረፈው አንድ ጆሮ ነው።

አው ዑመርዲን፤ ሰማንያን ተሻግሯል፤
ዓይኑ ከሄደ ሰንብቷል።
የሸማንደፈር የውሃ ሰው ነበር፣
ቁልፉን በትከሻው አጋድሞ
ባቡሩ ሳይጠማው የሚደርስ።
በባጃጅ እናመጣዋለን ከነፌሮው።
ፌሮዋን መሬት ይተክላል፣ ጫፏ ላይ ጆሮውን ያሳርፋል፣
«ዝም በሉ፣ አቦ!»
ዝም እንላለን። ባጃጁ ሞተሩን ያጠፋል።
ጫት ሻጮቹ እንኳ ክርክራቸውን ያዘገያሉ።

«እዚህ ጋ ወደ ግራ ታጥፋለች።»
(ቧንቧውን «እሷ» ነው የሚለው፣ እንዳኮረፈች ሚስት።)
«እዚያች መገጣጠሚያ ላይ ሙሴዎቹ ቸኩለውባታል፤
ሁልጊዜ ታለቅስ ነበር።»

እንቆፍራለን። ክንድ ሳይሞላ
ጥቁር ብረት፣ እንደ ዝሆን ጉልበት የሻከረ።
ኬይረዲን ይስቃል። ሂርሲ ይለካል። እኔ ነጥብ እጥላለሁ።

ደረቅ መንደር መሀል ለምልሞ የቆመ
ሮቃ ካየን እንጠይቃለን፦ ማን አጠጣው፣ ማን አስታመመ?
በበጋ የሚያልበው የመስጊዱ ግድግዳ፣
ሻጋታ የማይለቀው የድሮው መጋዘን፣
ድመቶች በቀትር የሚጋፉበት ክዳን፣
ይሄ ሁሉ ፊደል ነው፤ ያልቆጠርነው እኛ ነን።

ገንደ ቆሬ ስንደርስ መስመሩ ቤት ገባ፣
እንደ ዘመድ፣ ሳያንኳኳ።

ዘይቱና የሳምቡሳ ሊጥ እጇ ላይ እንዳለ ወጣች፤
«ምን ጠፋባችሁ?»
«ውሃ» አልናት።
ሳቀች። ከደጇ ባዶ ጀሪካን ተኮልኩሏል፣
በሳምንት አንድ ሌሊት ነው ቧንቧ የሚመጣው እዚያ ሰፈር።
ሳቋ ሲያልቅ ገብታ ምንጣፉን ገለጠችው፦
ክብ ክዳን፣ የፈረንጅ ፊደል ዳር ዳሩን የዞረው።
አምስት ልጅ አሳድጋለች በዚያ ክዳን ላይ።
ወበቁ ሲከፋ፣ ግድግዳው ሲግል፣
አራስ ልጇን የምታስተኛው እሱ ላይ ነበር፤ ይቀዘቅዛላ።
«ታዲያ ለምን አልተናገርሽም?»
«ማን ጠየቀኝ?»

አው ዑመርዲን ተንበረከከ፣ ፌሮዋን ተከለ።
ቆየ።
«ትሄዳለች» አለ። «አሁንም ትሄዳለች።»
ባቡሩ ከሞተ ስንት ዓመቱ፣ ፓምፑ ከተነቀለ ስንት!
ማን እንደሚልካት፣ የት እንደምትደርስ
እሱም አያውቅም።

ዘይቱና እጇን በሽርጧ ጠርጋ ሞባይሌን አየች፤
«ልጄ፣ ይቺን ነጥብ ስትጥላት ማን ያያታል?»
«ሁሉም ሰው» አልኳት፣ በኩራት።
«‹ቤቱ መስመር ላይ ነው› ብሎ የሚያፈርሰውም?»

ውሃ የማያነሳ መልስ ብዙ ነበረኝ፤
አንዱንም አላነሳሁ።

ካርታችን ላይ እዚያ ስትደርሱ
ስድስት ሜትር ያህል መስመሩ ይቋረጣል።
ረምላ እስካሁን ትቆጣኛለች፦
ጎደሎ ካርታ ከውሸት በምን ይለያል?
ልክ ሳትሆን አትቀርም።

ብቻ ግንቦት መጥቶ ድሬ ስትግል፣
እንቅልፍ ሲያጣኝ፣ ካልጋ ወርጄ
ሲሚንቶው ላይ ጆሮዬን ጥዬ ስተኛ፣
የውሃ ሽታ ሆነች የተባለች አንዲት ነገር
ከታች፣ በጨለማው፣
ወደ ግራ ስትታጠፍ የሰማሁ ይመስለኛል።