የጣት ወለምታ

ከሌሊቱ ስምንት፣ ኮዬ ፈጬ ሰፈር፣
ጠፍቶ ያመሸው መብራት መጥቶ፣ ስልኬ ነፍስ ሲዘራ ነበር
ያየሁት፦
የልብስ ማጠቢያ ማሽን፣ ነጭ፣ ሰባት ኪሎ፣
ሦስት ሺህ ዘጠኝ መቶ ብር ተብሎ።
ዓይኔን አሸሁና ደግሜ ቆጠርኩት፤
አንድ ዜሮ የለም። የት እንደወደቀ እኔ ምን አውቄለት!

ያውም አውቄ ነበር። ልቤ ነግሮኝ ነበር።
ልብ ግን ሌሊት ላይ ድምፁ አይሰማም፤ ጣት ነው የሚናገር።
ጣቴም ተናገረ፤ "ይግዙ" የሚለውን ነካ፣
ብሩ በቴሌብር ሄደ፣ መስታወቱ በአረንጓዴ ፈካ።

ጠዋት ተደወለ። የልጅ ድምፅ ነው። "ኢፍቱ እባላለሁ" አለች፣
"ከሱቁ ነው፣ ዋጋውን የጻፍኩት እኔ ነኝ፣ አንዲት ዜሮ ወድቃለች።
ሠላሳ ዘጠኝ ሺህ ነው። እንቅልፍ ጥሎኝ ነበር።
ገንዘብዎ ይመለስ፣ ትዕዛዙ ይሰረዝ፣ እባክዎ ጋሼ፣ በእግዜር።"

እኔ ደግሞ ክርክር ሲመጣ ደስ የሚለኝ፣
ተረት ከኪሴ አወጣሁ፤ ምላሴ እንደ ምላጭ ሆነልኝ፦
"'የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ' ሲባል አልሰማሽም?
የአፍ ወለምታ እኮ፣ እህቴ፣ በቅቤ አይታሽም።"

ዝም አለች። ቆየችና፦
"የአፍ እኮ አይደለም፤ የጣት ነው። የጣት ይታሻል፣ ጋሼ" አለችና
ስልኩ ተቋረጠ።
ካርዷ አልቆ ይሁን፣ ሌላ ይሁን፣ አላጣራሁም።

አቶ አያልሰው፣ ከፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ጡረታ የወጡት፣
ደረጃ ላይ ጀሪካናቸውን አስቀምጠው ሲያርፉ አገኘኋቸው።
"ሕጉስ ምን ይላል?" አልኳቸው። ጉልበታቸውን አሹ።
"እሱን ለዳኛ ተወው። አንተ ስትገዛ
ስህተት መሆኑን ሳታውቅ ነው? ወይስ አውቀህ፣ እንደ ዋዛ?"
መልስ ሳይጠብቁ ጀሪካኑን አንስተው ወጡ።

አምና፣ በጥቅምት፣ ለእህቴ አምስት መቶ ልልክ፣
አንድ ዜሮ ጨምሬ፣ አንድ ቁጥር አዛንፌ፣ ወደማላውቀው ስልክ
አምስት ሺህ ብር ሄደ።
"ወንድሜ፣ በስህተት ነው" አልኩት፤ ዘጋብኝ፣ ካደ።
ያኔ ተረት አልጠቀስኩም።
ያኔ ጣቴን ይዤ አለቀስኩ።

ሱቁ ግን "ስማችን ከሚጠፋ" ብሎ ማሽኑን ሰደደ፤
ሰዉ በገጹ አጨበጨበ፣ ስሙ ተወደደ።
ከማን ደመወዝ እንደተቆረጠ ደረሰኙ አልተናገረም።

ዕቃው ከብሎኩ በር ሲደርስ ጫኝና አውራጅ ከበበው።
"አራተኛ ፎቅ? አምስት ሺህ።" "ዕቃው ራሱ ሦስት ሺህ ዘጠኝ መቶ ነው!"
ሳቁብኝ። የእነሱን ጣት ወለም አይለው፣ ዜሮም አይወድቅባቸው።
ከፈልኩ።

ውሃ የሚመጣው ሐሙስ ሌሊት ነው። እስከዚያ፣ ሳሎኔ መሀል፣
ነጩ ማሽን ቆሞ፣ "እሺ ካላልከኝ አልቀመጥም" እንዳለ ሽማግሌ ያየኛል።

ሐሙስ ደረሰ። ቧንቧው አስነጠሰ፣ አየር ተፋ፣ ከዚያ ውሃ።
ሸሚዜ ሲሽከረከር ቁጥሯን ከስልኬ ፈለግኩ።
ቀሪው ሠላሳ አምስት ሺህ አንድ መቶ ነው። በአንዴ አልችልም፤
በየወሩ ሦስት ሺህ።
ሦስት ጻፍኩ። ዜሮ። ዜሮ። ዜሮ።
እንደ ተማሪ በጣቴ እየጠቆምኩ ቆጠርኩ።

ስልኩ እንደ ልማዱ ጠየቀኝ፦ "እርግጠኛ ነዎት?"

ያን ሌሊት፣ እንቅልፍ የጣላትን ልጅ፣
እንዲህ ብሎ የጠየቃት አልነበረም።
እኔ ነቅቼ ነበር።