ከመጋቢት ሦስት ጀምሮ

ከመጠጥ ቤት ፎቅ ላይ ችሎት ተዘርግቶ፣
የሃሊፋክስ ዝናብ መስኮት መትቶ መትቶ፣
ከበታች በርሜሉ ይንከባለላል፤
ከላይ አሥራ ሁለት ሰው ለፍርድ ተሰይሟል፤
ቆዳ ፋቂው አለ፣ ዳቦ ጋጋሪው አለ፣
በግ ነጋዴው ሰዓቱን ያያል፣ ገበያው የጠራው መሰለ።
እኔ ጸሐፊው ነኝ። ፍርድ የለኝም ከቶ፤
ቀለም ብቻ አለኝ፣ በብርድ ተመትቶ።

ጥያቄው አንድ ነው፣ ከጥንት ተንከባልሎ፤
የወይዘሮ ቲርዛ አእምሮ ሙሉ ነው? ወይስ ጎዶሎ?

የወንድሟ ልጅ ጃቤዝ ተነሣ፣ ጥቁር ጓንቱን አወለቀ፤
"ጨርቋን ጥላለች" አለ፤ አለቃቀሰ፣ ዓይኑ ግን እንደ ደረቀ።
"ከመጋቢት ሦስት ጀምሮ፣ ልጇ ባሕር ላይ ከቀረ፣
ሾርባ ትቀዳለታለች ማታ ማታ፣ በፊት እንደ ነበረ፤
ካባዋን፣ ያን ደህናውን ሱፍ፣ ለገረዷ ሰጠች፤
ዛሬ ካባ ነው፤ ነገ ወፍጮ ቤቱን ላገኘችው ሸጠች!"
ሳቁ።
"ሳቅ" ብዬ ጻፍኩ።

ሐኪሙ ሃያ ፔኒ ዘረገፈ ከጠረጴዛው፤
"ቁጠሪ" አላት። ይህ ነው የድሮ ሚዛኑ፣ ሰውን ከሞኝ መለያው፤
ሃያ የቆጠረ፣ አባቱን በስሙ የጠራ፣
የራሱ ጌታ ነው፤ ያልቆጠረ ግን ንብረቱ በሌላ ይመራ።
ቆጠረች በጣቷ፣ እንቁላል እንደምትገዛ፣
አንዷን ወደ ብርሃን፣ ወደ መስኮቱ ይዛ።
"አሥራ ዘጠኝ" አለች። "ይችኛዋ እርሳስ ናት።"
ሐኪሙ ነከሳት፣
ፊቱ ቀላ፣ ወደ ኪሱ ከተታት።
ሰብሳቢው ወደ እኔ፦ "መልሷን ብቻ ጻፍ።"
ጻፍኩ። አሥራ ዘጠኝ። አንድ ፊደል አልተሳሳትኩም፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ።

ከምሳ በፊት አለቀ።
"ከመጋቢት ሦስት ጀምሮ አእምሮዋ ጎድሏል፤
ከዚያ ወዲህ የሰጠችው ሁሉ እንዳልተሰጠ ይቆጠራል።"
ደጅ የቆመችውን ኬዝያን ካባውን አስወለቋት፤
ትከሻዋ ጭስ ጭስ አለ፣ ዝናብ አገኛት።
አዎ፣ ጨርቋን ጥላለች፤ እኔም ገባኝ፣ አሁን፤
ከምትንቀጠቀጥ ልጅ ጀርባ ላይ ነው የጣለችው ጨርቋን።

ቲርዛ ተነሣች።
"ሚያዝያ ላይ" አለች፣
"ጃቤዝን ሁለት መቶ ፓውንድ ዕዳውን ምሬው ነበረ፤
ወረቀቱን ቀድጄ፣ እሱ እያየ፣ እሳት ውስጥ አረረ።
እንግዲህ አብጄ ከሆነ፣ ምሕረቴም እብደት ነው፤
ልጄ ጃቤዝ፣ ገንዘቤን መቼ ነው የምታመጣው?"

በርሜሉ ቆመ ከበታች። ጃቤዝ ጓንቱን ፈለገ፤
አንድ ሰው ሊስቅ ጀምሮ ተወ። አንዱ ጉሮሮውን ጠረገ።
ይህን ጻፍ ያለኝ የለም።
ቀለሙን በትንፋሼ አሞቅኩት፤ እጄን አላዘገየሁም።