ከሉሁ ጀርባ

በሩ ላይ ያለው ሉህ በዕብራይስጥ ነው፤
ሃያ አንድ አንቀጽ አለው፣ የጨረሰው የለም አንድ ሰው።
"ከጅማ የምትመጣ እንግዳ አለች" ሲሉኝ
የወረቀቱ ጀርባ፣ ባዶው ገጽ ታየኝ።
ዶክተር ለሊሴ፣ ፎቶ አንሥቼ ልኬልሻለሁ፤
ሰማዩን አንቺ ታውቂያለሽ፣ እኔ ግቢውን አውቃለሁ።

ከቤር ሼቫ የሚነሣው የማታው አውቶቡስ
ሚጽፔ ራሞን ያወርድሻል፤ ግን እኛ ጋ አይደርስ።
ነዳጅ ማደያው ጋ ጠብቂ፤ ነጭ ፒክአፕ ሲመጣ
ሞቲ ነው። ዝም ይላል፤ ዝምታው አይደለም የቁጣ።
ዓርብ ከቀትር ወዲህ ግን ጉዞ አትጀምሪ፤
አውቶቡሱም ሰንበት ያከብራል፤ እዚያው እደሪ።

ሐምሌ ነው ብለሽ ካፖርት ትተሽ እንዳትመጪ፤
ቀኑ እሳት ቢሆን ሌሊቱ አለ፤ ኋላ እንዳትንቀጠቀጪ።
ዋልያ በመስኮት ቢያይሽ አትደንግጪ፤
የሰሜን ተራራው ዋልያ ዘመድ ነው፤ ብስኩት ግን አትስጪ።
ጫማሽን ከማጥለቅሽ በፊት አራግፊ፤
ጊንጥ አለ። ካየሽው አትግደይው፣ እለፊ።
ፍሪጁ ላይኛው ለወተት፣ ታችኛው ለሥጋ፤
አደራ እንዳታደባልቂ፣ ተጣልተናል አንድ በጋ።
ኔትወርክ ከፈለግሽ ከውሃ ታንከሩ ምሥራቅ ቁሚ፤
እናትሽን ከዚያ ደውዪላት፤ ነፋሱን ተቋቋሚ።

ነፋሱ ከአርባ ሲያልፍ ጉልላቱ ይዘጋል።
የእርጥበቱ መለኪያ ዘጠና ሲልም ይዘጋል።
"አምስት ደቂቃ ብቻ" ብሎ ዶክተር ኤልሐናን ለመነኝ፤
እሺ አልኩት። መስተዋቱን ማጽዳት ስድስት ሳምንት ፈጀብኝ።
ስለዚህ አትለምኚኝ፤ ልቤ ቶሎ ይራራል።

ሥዕልሽ ላይ ነጭ መስመር ካለ፣ ግኝት ነው ብለሽ አትዝለዪ፤
አየር ኃይል ነው የሚለማመደው፤ መጀመሪያ ወደ ውጭ እዪ።

አሁን ዋናው። ሉሁ ላይ በቀይ የተሰመረበት፦
ከመሸ በኋላ ግቢው ነጭ መብራት አይበራበት።
የስልክሽን ብርሃን ጉያሽ ውስጥ ሸሽጊ፤
ቀዩን ባትሪ ብቻ በእጅሽ አድርጊ።
ዓይን ጨለማን ለመልመድ ግማሽ ሰዓት ይፈጅበታል፤
አንድ ክብሪት ሲጫር የለመደው ሁሉ ይጠፋበታል።

ይህን አንቀጽ ከመጽሐፍ አልቀዳሁትም።
ሰባት ዓመቴ ነበር። ወደ ሱዳን፣ ቀን አንሄድም።
"ክብሪት እንዳትጭሩ" ይሉን ነበር ፊት ፊት የሚሄዱት፤
ወታደርም ሽፍታም ብርሃን ነው የሚያየው ከኮረብታው አናት።
የአጎቴን ጀርባ ይዤ ቀና ስል፣ ሰማዩ እንደዚህ ነበር—
ልክ እንደዚህ።
ፊደል ሳልቆጥር እሱን ቆጠርኩ።
እና ድንገት ስልክ አብርተሽ ብጮኽብሽ
አትቀየሚ፤
በአንቺ አይደለም የምጮኸው።

አንዲት የሃይፋ ተማሪ ሦስት ሌሊት ደጅ ጠንታ
ደመናው አልነሣ ቢላት አለቀሰች በአራተኛው ማታ።
ሻይ ሰጠኋት፤ መዝገቡንም። "ጻፊ፣ 'ደመና' በይ፤
ያላዩትን መመዝገብም ሥራ አይደለም ወይ?"
መዝገቡ ግማሹ ደመና ነው። ገጹን ማንም አልቀደደውም።

ቅዳሜ ማታ መሣሪያሽ ቢቸኩልም እኔ አልቸኩልም፤
ሦስት ኮከብ በዓይኔ ሳላይ ማብሪያውን አልነካም።
አንቺ ሚሊዮኑን ትቆጥሪያለሽ፤ እኔ ሦስቱን ልጠብቅ፤
ጉልላቱ ሲከፈት ይንቋቋል፤ ዝገት ነው፣ አይወድቅ።

ቁልፉ ከቀዩ ባልዲ ሥር ነው፤ ከሌለ ሞቲ ጋር።
ስሜ ተድላ ነው። መታወቂያዬ ላይ "አሸር"፤
ያው ደስታ ማለት ነው፣ ጸሐፊዋ ተርጉማው ነበር።
ሉሁን ዕብራይስጡን ወደ ውጭ አድርጌ መልሼ ለጥፌዋለሁ።
አለቃዬ ጀርባ እንዳለው አያውቅም።