አዋሽ ያልደረሰበት

ስስቅ ነው የሚያውቁብኝ።
አዲስ አበባም፣ ሐዋሳም፣ የትም ብሄድ፣ ገና አፌን ስከፍት
«የናዝሬት ልጅ ነሽ አይደል?» ይሉኛል፤
ጥርሴ ቀድሞኝ ይናገራል የተወለድኩበትን ቤት።

እናቴ በከሰል ፈተገችው፣ በጨው፣ በሎሚ፣ በመፋቂያ፤
እድፍ መስሏት እንጂ፣ እሱስ የእሳት ነበር ማረፊያ።

ከእግራችን ሥር፣ ድሮ፣ ምድር ስትሰነጠቅ
ትኩስ ድንጋይ ወጣ፤ በረደ፤ ዝም አለ፤ ማንም ሳያውቅ
ውሃ በጨለማ ላሰው፣ ዘመን በዘመን ላይ፣ ቀስ ብሎ፤
የላሰውን ይዞ ቧንቧችን ድረስ መጣ፣ ንጹሕ መስሎ።
ፍሎራይድ ነው ስሙ።
እኔ ጥርስ ሳበቅል፣ እሱም ከጥርሴ ጋር በቀለ።

ዛሬ ሥራዬ ውሃ መለካት ነው።
ከጉድጓድ፣ ከቦቴ፣ ከወንዝ የመጣ ጠርሙስ ይደረደራል፤
ሶዲየም፣ ካልሲየም፣ ክሎራይድ፣ እንደ ተማሪ ስማቸው ይጠራል፤
ሁሉም «አቤት» ይላሉ።
ወዴት እንደሚሄዱ ግን አይናገሩም።

መጽሐፉማ እንዲህ ይላል፦ ወንዝ ሁሉ ምድርን አጥቦ
ያጠበውን ለባሕር ያስረክባል፣ እንደ ግብር ሰብስቦ።
መጽሐፉን የጻፈው ሰው አዋሽን አላየውም።
ቆቃ ላይ አረፈ፤ ወንጂ ገብቶ አገዳ አጠጣ፤
መተሐራን ዘልቆ፣ አፋር ሲደርስ አቅም አጣ፤
አቤ ሐይቅ ላይ፣ ባሕሩ በአፍንጫው እየሸተተው፣
ወረቀት እንደሌለው መንገደኛ ኬላው አስቀረው።
ውሃው ወደ ሰማይ ሄደ። ጨዉ እዚያው ቁጭ አለ።

ጎረቤታችን ጋሽ ቱሉ የተሳቢ ሹፌር ነው፤ የአፍዴራ ጨው ያመላልሳል።
አንድ ማታ መዳፌ ላይ እፍኝ አፈሰሰና «እንኪ» አለኝ፣ «ባሕር ነው፤
ድሮ እዚያ ነበረ አሉ፤ ደርቆ ነው ለእኔ ጭነት የሆነው።»
ወንዛችን ባሕር ቢያጣ፣
ባሕሩ በሃያ ሁለት ጎማ አዳማ ድረስ መጣ።

ባሕር የገባውስ? እሱም ተከራይ ነው፤ ሁሉም የየራሱ ቀን አለው።
ሶዲየም የቆየ ነው፤ በር ላይ በርጩማ አውጥቶ
ሚሊዮን ዓመት በሚሊዮን ላይ ይቆጥራል፣ መውጫውን ረስቶ።
ካልሲየም ዛጎል ለብሶ ወለሉ ላይ ይተኛል፤ ወለሉ ድንጋይ፣
ድንጋዩ ተራራ ይሆናል፤ ተራራውን ዝናብ ያገኘዋል፣ እንደገና፣ ከላይ።
ብረት ግን ሻንጣውን አይፈታም፤
ገና ሲገባ በዓይን የማይታይ አረንጓዴ ፍጥረት ሁሉ ይሻማዋል፤
የተረፈው ይሰምጣል።
ብረት ደግሞ በወንዝ ብቻ አይደለም ባሕር የሚገባው፤ በአቧራም ነው።

አቧራ!
የአዳማን ነፋስ ለእኔ ማን ይነግረኛል?
የታጠበ አንሶላ ከገመድ የሚነጥቅ፣ ቆርቆሮ የሚያስጮህ፣
ኮረብታው ላይ እነዚያን ባለ ሦስት ክንፍ ነጫጭ ግዙፎች የሚያሽከረክር፤
ግንቦት ሲያልቅ ፊቱን ወደ ምሥራቅ ሲመልስ
ከደጃችን አፈር እፍኝ ዘግኖ ይነሣል፤
ከአገዳው በላይ፣ ከበረሃው በላይ፣
ከኬላው በላይ፣
ወረቀት የሚጠይቀው የለም።

ሰባት ዓመቴ ነበር። የመጀመሪያዋን ጥርሴን ጣራ ላይ ወረወርኳት፣
እንደ ልማዱ። ነጭ ነበረች፤ መልኬ ገና አልደረሰባትም።
ቆርቆሮው ላይ ስትንከባለል ድምጿን ሰማሁ፤
ከዚያ ወዲያ አላየኋትም።
ሠላሳ ክረምት ዘነበባት። ፀሐይ ሰነጠቃት፤ ነፋስ ፈጫት።
አዋሽ ያልደረሰበት ደርሳ ይሆን?
ከአንዲት ዛጎል ከንፈር ላይ ተለጥፋ፣
ስሜን ሳትጠራ፣ በጨለማው ውስጥ…

«ስንት አለ?» አለች ሶሬቲ፣ ብዕሯን እንደያዘች።
«ሦስት ነጥብ አንድ።»
ጻፈችው። ቀና ብላ አየችኝ፤ ለካ እየሳቅሁ ነበር።
እሷም ሳቀች።
የዚሁ ከተማ ልጅ ናት።