የቫልቡርጋ ዕጣ
(ስዋቢያ፣ እ.ኤ.አ. 1847)

ቀያሽ ሰንሰለቱን ከኔካር ዘረጋ፤
ካስማውን ቸከለ ጤዛው ላይ ሲነጋ።
የአባትየው ማሳ፣ ባንድ ሞፈር ያደረ፣
ላምስት ተሸንሽኖ ባርኔጣ ውስጥ ቀረ።

ለማቲስ ወፍጮ ጥግ፣ ለኡልሪክ ዳገቱ፣
ለመንቶቹ ረግረግ ከነእንቁራሪቱ፤
ለቫልቡርጋ ደግሞ የወጣላት ዕጣ
አንድ የፖም ዛፍ፣ አንድ ፈር፣ በሬ መዞሪያ ያጣ።

ለእናት ተጻፈላት ከውል መጨረሻ
ምድጃ ዳር ወንበር፣ የወተትም ድርሻ።

በመከር ሌሊት ግን ነፋስ ዛፉን ናጠ፤
ፖሙ ካስማ ዘሎ ኡልሪክ ጋ አመለጠ።
እናት ከወንበሯ በጨለማ ቆመች፤
የማን ነው ሳትልም በሽርጧ ለቀመች፤
አምስት ደጃፍ ላይ
አንዳንድ አስቀምጣ፣
ስድስተኛውን፣
የቀያሹን ካስማ ረግጣ፣
ገመጠች።